ውዳሴ ለ1,500 ሰዓት

አሜሪካኖችን የማደንቅበት አንድ ነገር ቢኖር፣ የአብራሪን ብቃት የመመዘን አድካሚ ሥራን በአንድ ቁጥር መገላገላቸው ነው። 1,500! ክብ ነው፣ ለአፍ ይመቻል፣ ለጋዜጣ ርዕስም ያምራል። አጫጭር መስመሮችን በሚሸፍን ክልላዊ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ሆነህ መቀመጥ ካማረህ ይህን ያህል የበረራ ሰዓት ቆጥረህ ና፤ ከየት እንዳመጣኸው ብዙም አንጨቀጭቅህም።

ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 ከኒውዋርክ የተነሳው የኮልጋን ኤር በረራ 3407 ቡፋሎ አቅራቢያ ተከስክሶ፣ መሬት ላይ የነበረ አንድ ሰው ጨምሮ 50 ሰዎች አለቁ። ፍጥነቱ ሲወርድ መሪው እየተንቀጠቀጠ አስጠንቅቆ ነበር፤ ካፒቴኑ ግን የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ ማድረግ ሲገባው መሪውን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ ቀደም የበረራ ፈተናዎችን ወድቆ ያውቃል። ረዳቱም ብትሆን ከሲያትል ተነስታ ሌሊቱን በሌሎች አውሮፕላኖች ስትጓዝ አድራ ነው ሥራ የገባችው። ይህ ሁሉ በምርመራው መዝገብ ሰፍሯል። የሁለቱ የበረራ ሰዓትም እንደዚሁ፦ የእሱ 3,379፣ የእሷ 2,244።

እንግዲህ ኮንግረስ ይህን አንብቦ በ2010 ምን ወሰነ? አብራሪዎች ቢያንስ 1,500 ሰዓት ይኑራቸው! የታመመውን ጥርስ ትቶ ጤነኛውን የሚነቅል ሐኪም እንኳ እንዲህ አይራቀቅም።

የሟች ቤተሰቦችን ማንም አይውቀሳቸው፤ እነሱ የጠየቁት ከአንድ ቁጥር እጅግ የሰፋ ነበር። ሕጉም ቢሆን የእረፍት ደንብ፣ የአብራሪዎች የሥራ ታሪክ መዝገብ፣ የተሻለ ሥልጠና ይዞ ነው የመጣው። ግን ስለ እረፍት ደንብ ማን ይፈክራል? ከዚያ ወዲህ ለ15 ዓመታት ገደማ ያን ያህል ሕይወት የቀጠፈ የአየር መንገድ አደጋ በአሜሪካ ሳይደርስ ሲቀር፣ ምስጋናው ሁሉ ተጠቅልሎ ለቁጥሩ ተሰጠ። ተኝቶ ለተነሳ አብራሪ ያጨበጨበ የለም።

ሰዓቱ የሚጠራቀምበትን ጥበብ ሳላደንቅ ብቀር ግን እግዜርም አይወድልኝ። 250 ሰዓት ገደማ ላይ እየተከፈለው ለማብረር የሚያበቃውን ፈቃድ ያገኘ ወጣት የቀረውን ከየት ያመጣል? አብዛኛው አስተማሪ ይሆናል። ባለ አንድ ሞተር ሴስና ውስጥ ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተማሪው ሲነሳና ሲያርፍ፣ ሲያርፍና ሲነሳ ያያል። ማስተማር ብዙ ያስተምራል፣ አልክድም። ነገር ግን 900ኛዋ ሰዓት ከ300ኛዋ በምን እንደምትለይ የሚጠይቅ ቅጽ የለም። ሌላው በባሕር ዳርቻ ላይ የማስታወቂያ ጨርቅ እየጎተተ ይዞራል። ከሁሉም የሚያስቀናው ግን ጓደኛሞቹ ናቸው፦ አንዱ ዓይኑን ከልሎ በመሣሪያ ብቻ ይበራል፣ ሌላው ውጭ ውጭውን ይጠብቅለታል፤ ደንቡን ካሟሉ አንዷን የሞተር ሰዓት ሁለቱም በየመዝገባቸው እንደ አዛዥ አብራሪ ይጽፏታል። ነዳጅ ለሁለት፣ ልምድ ለእያንዳንዱ ሙሉ!

በአንጻሩ፣ 1,500 ሰዓቱን ለሚጠይቀው ከፍተኛው የአብራሪነት ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ከመቀመጡ በፊት የሚወስደው የግዴታ ኮርስ 30 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 10 ሰዓት ደግሞ ሲሙሌተር ላይ ነው። ቡፋሎ ላይ የሆነው ዓይነት ነገር፣ ማለትም አውሮፕላኑ መንሳፈፍ ሲያቅተው ምን እንደሚደረግ የሚለማመደው እዚህ ነው። 1,500 ለመዞር፣ 10 ለዚህ። አየር መንገዱ ሲቀጥረው የራሱን ሥልጠና ይጨምርለታል እንጂ ሕጉስ ቅድሚያ የሚሰጠውን ያውቃል።

ደግሞ ቁጥሩ ጨካኝ እንዳይመስላችሁ። ከተፈቀደለት ዩኒቨርሲቲ የአቪዬሽን ዲግሪ ላለው 1,000 ይበቃዋል፤ የሁለት ዓመት ዲግሪ ከሆነ 1,250፤ ከወታደር ቤት ለመጣ 750። ውቅያኖሱን ሲሻገሩማ ጭራሽ ሌላ ሰማይ ነው፦ አውሮፓ ውስጥ በ200 ሰዓት ግድም የረዳትነት ወንበር የያዘ ወጣት መንገደኛ ጭኖ ኒው ዮርክ ቢያርፍ ሕጋዊ ነው። እዚያው ያደገው የቡፋሎ ልጅ በዚያው ሰዓት ቢቀመጥ ግን አገር ይሸበራል።

የአየር መንገዶቹም ፍልስፍና ሊወደስ ይገባዋል። አብራሪ እንደልብ በነበረበት ዘመን ስለ ሥልጠና ጥራት ሲሰብኩ ብዙም አልሰማናቸውም። አብራሪ ሲጠፋ ግን «ዋናው ጥራት ነው እንጂ ብዛት አይደለም» የሚል ጥልቅ እውነት በድንገት ተገለጠላቸው። በ2022 ሪፐብሊክ ኤርዌይስ የራሱ ማሠልጠኛ ምሩቃን እንደ ወታደሮቹ በ750 ይለፉልኝ ብሎ አመለከተ፤ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም በሴፕቴምበር ወር አይሆንም አለው። በዚያው ዓመት አንዳንድ ክልላዊ አየር መንገዶች የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር አደረሱት። ይህንንስ ቁጥር በሕግ ይወሰንልን ብሎ ኮንግረስ ደጅ የጠና አየር መንገድ እስካሁን አላጋጠመኝም።