«በርታ» አስተያየት አይደለም!

ዛሬ የምጽፈው ብሶት ነው። ቤታችሁ ዘፈን የምትቀዱ ይገባችኋል። የማትቀዱም አንብቡት፣ ዘፈኑ የሚላከው ለእናንተ ነውና።

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። የምቀዳው የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ማይክ፣ አንድ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከጀመረ ቀረጻ የለም፤ ቆርቆሮው ከኔ በላይ ይጮኻል። መብራት ከሄደም የለም። ይሄ አያማርረኝም፣ ወድጄ የገባሁበት ነው። የሚያማርረኝ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ያለው ነው።

ድምፁን፣ ማሲንቆውን፣ ከበሮውን፣ ቤዙን አመጣጥኜ ሚክሱን እጨርሳለሁ። ከዚያ ለማውቃቸው ሰዎች እልክና «እባካችሁ ሚክሱን ስሙልኝ፣ የሚያስቸግር ነገር ካለ ንገሩኝ» እላለሁ። መልሱ ምን መሰላችሁ? «በርታ ወንድሜ።» «አሪፍ ነው።» «ትችላለህ።» የእሳት ምልክት። ልብ። አንዱ 4 ደቂቃ የሚሆን ዘፈን ልኬለት ደቂቃ ሳይሞላ «ሰማሁት፣ ምርጥ ነው» አለኝ። አልሰማኸውም! «ጊዜ የለኝም» ብትለኝ አልቀየምም ነበር። ያልሰሙትን ዘፈን ሰማሁ ማለት ግን ያናድዳል።

ሰው የማይረዳልኝ አንድ ነገር አለ። አስተያየት የምጠይቀው እንዲያሞግሱኝ አይደለም። የራሴን ሚክስ በራሴ ጆሮ ብቻ መጨረስ ስለማልችል ነው። ክፍሌ ትንሽ ናት። 80 ኸርዝ ላይ ያለ የቤዝ ድምፅ አንዱ ሞገዱ ብቻ ከ4 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ ሲሆን ግድግዳና ጥግ ላይ እየተመላለሰ አንዱ ቦታ ያብጣል፣ ሌላው ቦታ ይጠፋል፣ ብርድ ልብሱ ደግሞ የሚይዘው ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ይሄን ወፍራሙን አይደለም። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ «ከበሮው በቃ» ስል ሌላ ቤት ሲከፈት ምን እንደሚመስል እንዴት ልወቅ? ሌላ ሰው ሌላ ቤት ሆኖ ካልነገረኝ በቀር መንገድ የለም።

ከዚህ የባሰው ግጥሙ ነው። ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቃሌ ነው የማውቀው። ስለዚህ ድምፄ ከማሲንቆው ስር ቢቀበር እንኳ ለእኔ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፣ አእምሮዬ ይሞላዋል። ለሌላው ግን አይሰማም። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ሰው ዘፈን የሚሰማው ለግጥሙ ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ ላይ አንዷ ቃል ከጠፋች ወርቁ አብሮ ሄደ። ታዲያ «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ምንድን ነው ያልከው? አልተሰማኝም» የሚል አንድ ሰው ማግኘት ይሄን ያህል ከባድ ነው? የሙዚቃ ትምህርት አይጠይቅም። ጆሮ ነው የሚጠይቀው።

አስተያየት የሚሰጡትም ቢሆኑ በምን እንደሰሙት አይነግሩኝም። «ቤዝ የለውም» ይለኛል አንዱ። በምን ሰማኸው? በስልኩ ስፒከር! የስልክ ስፒከር እኮ ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት አይችልም፣ በጣም ትንሽ ናት። የከበሮው ጉምታ እዚያ ውስጥ አይኖርም፤ የሚሰማው ቆዳው ሲመታ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው። በስልክ አትስሙ አይደለም የምለው። አብዛኛው ሰው በስልክ ነው የሚሰማው፣ እዚያም ላይ ማማር አለበት። ግን «በስልክ ስሰማው ቤዙ ጠፋብኝ» በሉኝና ልወቀው። እንዲያ ካላችሁኝ ቤዙን ዝም ብዬ ከፍ አላደርገውም፣ ስልክ ላይም እንዲሰማ የቤዙን ቀጭን ክፍል እነካካዋለሁ። ዝም ብዬ ከፍ ካደረግኩት ግን ባጃጅ ውስጥ ሲከፈት በሩ ይንቀጠቀጣል።

ሌላው «ድምፁ ትንሽ ነው» ነው። ይሄን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ሚክስ ላይ ያለ ዘፈን ለማስተሪንግ (ከሚክስ በኋላ ላለው የመጨረሻ ማስተካከያ) ከላይ ክፍት ቦታ ይተውለታል፣ ያለቀለት ዘፈን ጎን አስቀምጣችሁ ስትሰሙት ማነሱ አይቀርም። የሰው ጆሮ ደግሞ ከፍ ያለውን ነገር የተሻለ አድርጎ ይሰማል። ስልካችሁን ትንሽ ጨምሩና ስሙት! ደግሞ ከልክ በላይ ጮክ ብሎ የተሠራ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ዩቲዩብ ራሱ ወደ −14 ሉፍስ (የጩኸት መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ያወርደዋል። ጩኸቱ ቀርቶ የተጨፈለቀው ድምፅ ብቻ ይተርፋል። ለዚህ ብዬ ዘፈኔን አልጨፈልቅም።

ስለ ሚክስ ስጠይቅ ስለ ክሊፕ የሚመልሱልኝም አሉ። «እስክስታ የሚወርዱ ልጆች አስገባበት።» «ለቲክቶክ አሳጥረው።» አንድ አዲስ አበባ ያለ አቀናባሪ ደግሞ ሳይከፍተው «የቤት ቀረጻ አይሆንም፣ ስቱዲዮ ግባ» ብሎ ዘጋኝ። ወንድሜ፣ የስቱዲዮ ገንዘብ ቢኖረኝ እገባ ነበር። ፋይሉን ከፍተህ አይሆንም ብትለኝ እሺ፣ አምኜ እቀበላለሁ።

በጣም የሚያበሳጨኝ ይሄ ሁሉ የሚሆነው ጎጃም ውስጥ መሆኑ ነው። የእነዲማ፣ የዋሸራ፣ የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር እኮ ነው! የቅኔ ተማሪ ገና ጉባኤ ቃና ሲጀምር፣ ሁለት ቤት ብቻ ቆጥሮ ቢመጣ እንኳ፣ የኔታ «በርታ» ብለው ብቻ አያሰናብቱትም። ቁጭ ብለው ይሰሙታል። ቃሉ የት እንደጎደለ፣ ዜማው የት እንደሰበረ፣ ምስጢሩ ለምን እንዳልገጠመ እዚያው ያርሙታል። ተማሪው ተሰደበ አይልም፣ አስተካክሎ ነገ ይመለሳል። አርሞ መስጠትን እንዲህ የሚያውቅ አገር ተቀምጠን አንድ ዘፈን ሰምቶ «እዚህ ጋ ተበላሽቷል» ለማለት ለምን ይሉኝታ ይይዘናል?

የሚሰማ ሰው ሲገኝ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። እዚሁ ከተማ ያለ አንድ አዝማሪ ማዳመጫ አድርጎ ሰማልኝ። ስለ ኢኪውም ስለ ኮምፕረሰርም፣ ስለነዚህ የሚክስ መሣሪያዎች አንድ ቃል አልተናገረም። ያለኝ ይሄን ነው፦ «ማሲንቆው አንተ ስትዘፍንም እኩል ይጮኻል። እኛ ስንዘፍን እናለዝበዋለን፣ ስንኙ ሲያልቅ እንለቀዋለን።» በቃ። ማሲንቆና የሰው ድምፅ አንድ ሰፈር ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ለአንዱ ቦታ ካልለቀቀ ይጋጫሉ። እኔ ከሶፍትዌሩ ጋር ስታገል የከረምኩበትን እሱ በሁለት አረፍተ ነገር ጨረሰው። በየስንኙ ማሲንቆውን ዝቅ፣ ስንኙ ሲያልቅ ከፍ አደረግኩት። ግጥሙ ወጣ። እግዚአብሔር ይስጠው።

አሁንም አዲስ ዘፈን አለኝ፣ በትዝታ ቅኝት የተሠራ። ለጠየቀኝ ሰው በቴሌግራም በፋይል እልካለሁ። ጨርሳችሁ ስሙት፣ በምን እንደሰማችሁት ንገሩኝ፣ የሚረብሻችሁ ቦታ ሲደርስ ደቂቃውን ጻፉልኝ። በተለይ አዝማቹ ላይ «ጠ» እና «ጨ» ማይኩ ላይ የሚፈነዱ መስሎኛል፣ «ሰ» ም ታፏጫለች፣ ቀነስኩት ግን በቂ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ኢርፎን ያላችሁ እሱን ስሙልኝ። መኪና ያላችሁ ደግሞ ከበሮውን።