የልምምዱን ቀን እዩ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ላይ «ልጆችን ውዝዋዜ እናስተምራለን» የሚል ማስታወቂያ አይጠፋም። ብዙ ወላጅ የሚመርጠው ቪዲዮ አይቶ ነው። አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ሕፃናት ትከሻቸውን እኩል ሲመቱ ያያል፣ ይመዘግባል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ዓይን አፋር ናት። ሦስት ወር ሙሉ የኋላው ረድፍ ላይ ቆመች። ስትሳሳት አሰልጣኙ «አንቺ ቁጭ በይ» ይላታል፣ ሄዳ ጥግ ትይዛለች። ይህን እሷ አልነገረችኝም፤ አንድ ቀን ልወስዳት ቀደም ብዬ ሄጄ በበሩ አየሁት። ማታ «እማዬ፣ እኔ ትከሻ የለኝም» አለችኝ።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። እኛ አገር እስክስታ «አትችይም» ተብሎ የሚከለከል ነገር አልነበረምና። ሠርግ ቤት አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ገጥመው ይገባሉ፣ የቀረው ያጨበጭባል። ሕፃን ዘው ብሎ ከመሃል ቢገባ እልልታው ይብስበታል እንጂ ተመለስ የሚለው የለም። በምሥራቅ ጎጃም ለዘመን መለወጫ እንግጫ የሚባለውን ሣር ሊነቅሉ የሚወጡት ልጃገረዶችም ቢሆኑ እየዘፈኑ የሚሄዱት አብረው ነው። በራስ መተማመን የሚበቅለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ተራ ጠብቆ መግባት፣ ገብቶ መታየት፣ ወጥቶ ለሌላው ማጨብጨብ።

ስለዚህ ትምህርት ቤት የምትመርጡ ወላጆች፣ ትርኢቱን ተዉትና ሳትነግሯቸው በተራ የልምምድ ቀን ሂዱ። ጎበዟን ልጅ አትዩ፤ እርምጃው የጠፋበትን ልጅ እዩ። አሰልጣኙ አጠገቡ ሄዶ ቀስ ብሎ ያሳየዋል ወይስ ያስቀምጠዋል? የፊትና የኋላ ረድፉ ይቀያየራል? ልጆቹ ማጨብጨብ፣ መቀበል፣ ከበሮ መምታት ይማራሉ ወይስ በስፒከር ብቻ ይወዛወዛሉ? ወላጅ ገብቶ እንዳያይ የሚከለክል ቦታ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ዱላ ካያችሁም እንዲሁ። «ልጅ ካልተቆነጠጠ አይሠለጥንም» የሚሉ ወላጆች አውቃለሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ግን ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በሚያድጉባቸው ተቋማት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ የውዝዋዜ ቤት ከዚህ የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ሰውነት ሳያሟሙቁ አንገት የሚያስመታ፣ ቪዲዮ ሳያስፈቅድ ቲክቶክ ላይ የሚለቅ፣ ለስምንት ዓመት ልጅ የትልቅ ሰው የፍቅር ዘፈን የሚሰጥ አሰልጣኝም ልጁን ሳይሆን ዕይታውን እያሰበ ነው።

«ልጄን አዝማሪ ልታደርጉት ነው ወይ?» የሚሉ አያቶችም አሉ። አልፈርድባቸውም፣ የኖሩበት አስተሳሰብ ነው። ግን በአብነት ትምህርት ቤት ዜማን ከአካል እንቅስቃሴ ጋር አስማምቶ መቆም አቋቋም ተብሎ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ዓመታት ይጠየቅበታል። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። አካልን በሥርዓት ማዘዝ ቁም ነገር መሆኑን ግን የጎጃም ሰው ከማንም አስቀድሞ ያውቃል።

አሁን ልጄ የምትማረው መስታወት በሌለው አንድ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ ነው። መምህሯ በየሳምንቱ አንድ ልጅ ዘፈኑን እንዲያወጣ ታደርጋለች። ባለፈው ቅዳሜ ተራው የልጄ ነበር። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ እኔ ከበሩ ሆኜ በደንብ አልሰማትም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግጥሙ ጠፋባትና ቆመች። መምህሯ ከበሮዋን አላቋረጠችም፤ ልጆቹም አዝማቹን እየደጋገሙ፣ እያጨበጨቡ፣ እስክታስታውስ ጠበቋት።