ይድረስ ለክቡር 100 ሚሊ ሊትር

ጉዳዩ፦ አንድ ኪሎ ማርን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ናፍቆት ማለቴ ለደብዳቤ ወግ ያህል ነው፤ ከተለያየን ገና ሦስት ሳምንት አልሞላንም። በየቀኑ ስንቱን ስለሚያስለቅሱ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። የለገጣፎው ነኝ፤ አየር ማረፊያው ፍተሻ ላይ በሐምሌ ጭቃ የተለወሰ ጫማውን አውልቆ፣ በአንድ እጁ ቀበቶውን በሌላው ሱሪውን ይዞ፣ ሰባት የሽሮፕ ጠርሙስ ትሪ ላይ የደረደረው።

ትውልድዎን አውቃለሁ፤ በከንቱ አልተወለዱም። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፖሊስ ፈሳሽ ፈንጂ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ደብቀው አትላንቲክን በሚያቋርጡ አውሮፕላኖች ላይ ሊያፈነዱ ያሴሩ ሰዎችን ያዘ። ወዲያው ፈሳሽ የተባለ ሁሉ ከእጅ ሻንጣ ታገደ፤ ለሕፃን የተያዘ ወተት እንኳ ይዞት የመጣው ሰው ፈታሾች ፊት ካልቀመሰው አያልፍም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ እርስዎ ብቅ አሉ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ ሁሉም ተሰብስቦ አንድ ሊትር በሚይዝ፣ አፉ በሚዘጋና ውስጡ በሚታይ ከረጢት እንዲገባ አዘዙ። ከነቁጣዎ ተቀበልንዎ፤ ሰማይ ላይ መፈንዳት የሚፈልግ የለም። አክስቴ ግን ይህን ታሪክ ስነግራት የቆጫት የወተቱ ቅምሻ መቅረቱ ነው። ጠጅ አሳላፊ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ በማይቀዳበት አገር ስላደገች፣ «ታዲያ እኔው አብሬህ ሄጄ ልቅመስላቸው!» አለች። የምሯን ነበር።

አሁን ወደ ምስጢሩ ልግባ። እኛ ሰፈር አንድ ሰው ውጭ አገር ሊሄድ መሆኑ ከተሰማ ቤቱ የዕቃ መቀበያ ይሆናል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ቡናው፣ የሐበሻ ቀሚሱ ይጎርፋል። የሚመጣውም ሁሉ «ይህቺን ብቻ» እየተባለ ነው። አምስት ኪሎ በርበሬ በለገጣፎ ሰዋስው አንስታይ ፆታ ናት፤ «ትንሽ ናት፣ ጥግ ላይ ጣል ታደርጋታለህ» ትባላለች። ባለፈው ጉዞዬ የራሴን ሸሚዞች አውጥቼ የሰው ድርቆሽ ያስገባሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዘንድሮ መሥሪያ ቤቴ ለአንድ ሳምንት ስልጠና ወደ ፍራንክፈርት ሲልከኝ፣ አሰብኩ አሰብኩና «የተፈቀደልኝ የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ እሱም 7 ኪሎ» ብዬ አስወራሁ። ቲኬቴ ላይ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች ተፈቅደው ነበር። ይህን የምነግረው ለእርስዎ ብቻ ነው።

ፈሳሽ ይዞ ለመጣ ደግሞ የእርስዎን ስም ጠራሁ። አዋዜ? 100 ሚሊ ሊትር። የኑግ ዘይት? 100 ሚሊ ሊትር። ለሆድ ቁርጠት የተዘፈዘፈ ቅጠል? እሱንማ ስምዎን ሳልጠራም እምቢ አልኩ። ጎረቤቶቼ ያመጡትን አቅፈው ተመለሱ። የአንድን ሰፈር እናቶች በሙሉ እምቢ ብሎ የዘለቀ ባለ ሥልጣን ሲገጥመኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት፤ ለዚህ ያለኝ ምስጋና ከታች ካለው ወቀሳ ጋር እንዳይደባለቅብኝ አደራ።

አክስቴ ግን እምቢ ሲባል አይሰማትም። ልጇ ፍራንክፈርት ትኖራለች፤ አራስ ናት። ቅቤውን ልጅቱ ራሷ አስቀርታዋለች፤ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚገባ ተጓዥ ሥጋና የወተት ውጤት እንዳይዝ ይከለክላልና። ማር ግን እስከ 2 ኪሎ ይገባል። አክስቴ ከሰንዳፋ አንድ ኪሎ ማር አስመጣችና «ይኸ 100 የምትለው ስንት ጭልፋ ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰባት የሾርባ ማንኪያ እንደማይሞላ ነገርኳት። ለእርስዎ አዘነችልዎ፤ «ምስኪን» አለች።

በማግስቱ ሕፃን ያለበትን ቤት ሁሉ አንኳኳች። የሳል ሽሮፕ በ100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ እንደሚሸጥ ማን እንደነገራት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰባት ቡናማ ጠርሙሶች ታጥበው፣ እንደ ወተት ዕቃ በወይራ ታጥነው ቀረቡ። ማሩ በብርዱ ረግቶ ስለነበር በማንኪያ ይቆረሳል እንጂ አይፈስስም፤ እኔም «የረጋ ማርማ ፈሳሽ አይደለም» ብዬ ለአንድ አፍታ ተስፋ አድርጌ ነበር። እርስዎ ግን ለዚህም መልስ አለዎት፤ ዳቦ ላይ የሚቀባ ሁሉ በመዝገብዎ ፈሳሽ ነው። ማሩ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ እስኪቀልጥ፣ በዚያች ቀጭን የጠርሙስ አንገት ጠብ ጠብ እያለ እስኪወርድ ግማሽ ቀን ፈጀ። አንድ ኪሎ ማር 700 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ ልክ በሰባተኛው ጠርሙስ አለቀ። እኔ በስልኬ አስልቼ የደረስኩበትን አክስቴ በዓይኗ ደርሳበታለች።

ከረጢቱ ግን ሞላ። የጥርስ ሳሙናዬን ከጠርሙሶቹ መሃል ብሸጉጠው አፉ አልዘጋ አለ። የማን ዕቃ እንደወጣ ይገምታሉ።

ሻንጣዬን ወፍጮ ቤት ወስደን በእህል ሚዛን አስመዘንነው፤ 6 ኪሎ ከ800 ግራም። አየር ማረፊያው ሚዛን ላይ 7 ኪሎ ከ300 ሆነ። ግማሽ ኪሎው የመንገዳችን ጭቃ ነው። ባለ ጎማ ሻንጣ የፈጠረው ሰው ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ አላየውም። ሰልፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ በብዕር ጫፍ ጎማውን እየጫርኩ ለገጣፎን አራገፍኩ።

በነገራችን ላይ ዘመዶችዎንም አግኝቻቸዋለሁ። ስሙ እንደ እርስዎ 100 የሆነው፣ በዋት ሰዓት የሚለካው የፓወር ባንክ ደንብ ጨዋ ነው፤ ከታች ከሚጫነው ሻንጣ ይከለክላል እንጂ በእጅ መያዝን አይነፍግም። መብራት ሲሄድ የምንተማመንበት ባለ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ፓወር ባንኬ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ በሰላም አለፈ። 350 ሚሊ ሊትር የሚባለው ሌላው ዘመድዎ ግን ከእርስዎ ይብሳል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አሜሪካ ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የበለጠ ዱቄት በእጅ ሻንጣ መያዝ ተጨማሪ ፍተሻ ያስከትላል። ዱቄት! ሽሮና በርበሬ የሚበላ ሕዝብ መኖሩን የነገራቸው አልነበረም።

ወደ እኛ ጉዳይ ልመለስ። ፈታሿ ጠርሙሶቹን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ስንት ልጅ ነው የታመመብህ?»

«ማር ነው» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ሽሮፕ ይላል?»

መድኃኒትና የሕፃን ምግብ ከእርስዎ ሥልጣን ውጭ መሆናቸውን ያነበብኩት ቆይቼ ነው። ያኔ ባውቅ ኖሮ ልዋሽ እችል ነበር፤ ነገር ግን ጠረኑ፣ ከነወይራ ጢሱ፣ ቀድሞ መስክሮብኛል። አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። ስድስቱን መለሰችልኝ። ሰባተኛውን ወደ ብርሃን አቀረበችና «ይኸኛው 120 ነው» አለች።

ክቡር ሆይ፣ በዚያ ጠርሙስ ውስጥ የነበረው ማር 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። አክስቴ በመድኃኒቱ መስፈሪያ ለክታ፣ ከላይ ሁለት ጣት ባዶ ትታ ነው የከደነችው። እርስዎ ግን የሚለኩት ዕቃውን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም። እንግዲህ የታገደብኝ 20 ሚሊ ሊትር አየር ነው ማለት ነው። ፈታሿ የቆሻሻ ቅርጫቱን በዓይኗ አመለከተችኝ፤ እሷም ደስ አላላትም፣ ዓይኗን መልሳ ሰበረች።

ማር ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። በካልሲዬ እንደቆምኩ ክዳኑን ከፍቼ ጨለጥኩት። ጨለጥኩት አልኩ እንጂ፣ ማር አይጨለጥም፤ ጠርሙሱን አፌ ላይ ደፍቼ፣ አናቴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ እስኪወርድ ጠበቅሁ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍም አብሮኝ ጠበቀ። አንድ ሽማግሌ «አይዞህ» አሉኝ። በጠርሙስ አይገባም የተባለው ማር በሆዴ ተጭኖ ገባ፤ የሆዴን መጠን የጠየቀኝ የለም። ከዚያም የጥርስ ሳሙና ሳይኖረኝ ሰባት ሰዓት ያህል በረርኩ።

ፍራንክፈርት የተቀበለችኝ የአክስቴ ልጅ ስድስቱን ጠርሙሶች ታቅፋ አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ዙሪያዬን ተመለከተች።

«ሻንጣህስ?»

«ይኸው።»

«ከአዲስ አበባ ወደዚህ ለሚመጣ ሁለት ሻንጣ ይፈቀድ የለም እንዴ? የአንተ ቲኬት ምን ዓይነት ነው?»

ማታውኑ ለእናቷ ደወለች። ስመለስ አክስቴ አልተቆጣችኝም፤ ቡና አፈላችልኝ። ሳሎኗ ውስጥ ግን ሁለት ግዙፍ አዳዲስ ሻንጣዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ባዶ ክብደታቸውን ወፍጮ ቤት አስመዝና በወረቀት ጽፋ ለጥፋባቸዋለች።

ሰምተው እንደሆነ አላውቅም፣ ኤዲንብራና ደብሊን አዲስ ዓይነት የመመርመሪያ ማሽን አስገብተው እስከ 2 ሊትር ማሳለፍ ጀምረዋል። ጡረታዎ እየተቃረበ ይመስላል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። በጥቅምት ሌላ ጉዞ አለብኝ፤ ሥልጣንዎን ከፈሳሽ አልፎ እስከ አክስት ድረስ ያስፉልኝ። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ «ደብዳቤውን የያዘው ተጓዥ ከአንድ የእጅ ሻንጣ በቀር ምንም እንዳይዝ ተከልክሏል» የሚል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይላኩልኝ። ማኅተሙ ትልቅ ይሁን፤ መነጽሯን አታደርግም።

ከሰላምታ ጋር
የለገጣፎው

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ ሚዛን ያዥ
(ለአክስቴ እንዳይሰጥ)