ማስተካከያ፦ የሰው ልጅ ጂኖም ተነቦ ያለቀው መቼ ነው?
ስለ ጂኖም ምርምር ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ፣ የሰው ልጅ ጂኖም (በህዋሱ ውስጥ ያለው የዘረመል መረጃ በሙሉ) እ.ኤ.አ. በ2003 «ሙሉ በሙሉ ተነቧል» የተባለው መስተካከል ይኖርበታል። ጂኖሙን የማንበብ ፕሮጀክት በዚያ ዓመት መጠናቀቁ ቢበሠርም፣ የጊዜው መሣሪያዎች ይህን መረጃ የያዘውን ዲኤንኤ ቆራርጠው የሚያነቡ በመሆናቸው፣ በተለይ ዲኤንኤው ተጠቅልሎ በሚገኝባቸው በክሮሞዞሞች ወገብ አካባቢ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ደጋግሞ የሚመጣባቸውን ክፍሎች በየቦታቸው መልሶ መገጣጠም ስላልተቻለ፣ 8 በመቶ ገደማ የሚሆነው ሳይነበብ ቀርቷል። ክፍተቱ የተሞላው ረጃጅም ቁራጮችን በአንድ ጊዜ የሚያነቡ መሣሪያዎች ከመጡ በኋላ በ2022 ሲሆን፣ ያኔም የተጠናው ህዋስ በወንዶች የሚገኘው ዋይ ክሮሞዞም ስላልነበረው የእርሱ ንባብ ወደ 2023 ተሻግሯል።

በሕክምናው በኩል «በቢአርሲኤ 1 ዘረመል ላይ ጎጂ ለውጥ ያለባት ሴት የጡት ካንሰር ይይዛታል» የሚለው «የመያዝ ዕድሏ በእጅጉ ከፍ ይላል» ተብሎ ይነበብ። ለውጡ እያለባቸው ዕድሜ ልካቸውን ሳይታመሙ የሚኖሩ ሴቶች አሉ፤ ጡትን በቀዶ ሕክምና እስከ ማስወገድ የሚያደርስ ውሳኔ የሚወሰነውም በዚሁ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ እርማቱ ቀላል አይደለም።

አሜሪካ በ2008 ያወጣችው የዘረመል መድልዎን የሚከለክለው ሕግም የሚመለከተው የጤና መድንንና ቀጣሪዎችን ብቻ ነው፤ በጽሑፉ የሕይወት መድንንም እንደሚመለከት የተገለጸው ስህተት ነው።