ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል

በዘመድ መካከል «ኮምፒውተር ይችላል» ተብሎ ስሙ የወጣ ሰው እሑድ የለውም። ሐኪም ዘመድ «ነገ ክሊኒክ ብቅ በል» ብሎ ያመልጣል፤ ጠበቃ ዘመድ «ሰነዱን ይዘህ ና» ብሎ ያዘገያል። ኮምፒውተር የሚችል ዘመድ ግን ምሳ ተነሥቶ ቡና እስኪፈላ ባለችው ክፍተት «እስቲ እግረ መንገድህን ይቺን ነገር እያት» ይባላል። እግረ መንገድ የተባለው ሥራ ቡናው በረካ ደርሶ፣ ረከቦቱ ተነሥቶ፣ መብራት ሄዶ ተመልሶ እስኪመጣ ይቆያል። ክፍያው ቆሎ ነው።

በእትዬና በጋሼ ቤት «ይቺ ነገር» የራሷ ጠረጴዛ አላት። ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ቀጥሎ። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ መሥሪያ ቤታቸው አሮጌ ዕቃ በጨረታ ሲያስወግድ የገዟት ናት። ስክሪኑ እትዬ በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል ተጥሎበታል፤ ሲፒዩውም (ሳጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ማለታችንን እስከ ዛሬ ማንም ሊያስጥለን አልቻለም) የራሱ ልብስ ተሰፍቶለታል። ቤቱ ውስጥ እሱን ያህል አቧራ የተጠነቀቁለት ሰው የለም።

ጥያቄያቸው ቨርጂኒያ ካለችው ልጃቸው ጋር በምስል የሚያነጋግር ፕሮግራም እንዲጫንላቸው ነበር።

«በስልክ አይቀልም? ቴሌግራም እኮ ስልክ ላይ አለ» አልኩ። እትዬን ሳያቸው ነውር ነገር ከአፌ እንደወጣ አወቅሁ።

እትዬ በስልክ ምስል ላይ ያላቸው ክስ ብዙ ነው። ስልክ ሳይታሰብ ይጠራል፤ ሻሽ ሳይታሰር፣ እጅ ሽንኩርት እንደያዘ። ሲያነጋግሩበት ፊትን ከሥር ወደ ላይ ያነሣል። «የሰው ልጅ በአፍንጫው ቀዳዳ በኩል ነው እንዴ የሚታየው?» ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ደግሞ ልጅቷ የምታየው ኮርኒስ፣ የሰው ጆሮና የጋሼን አውራ ጣት ነው። ኮምፒውተር ግን አይነቃነቅም። ሰው ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ከዚያ ይደወላል። ነገሩን ሳስበው ፈርጄላቸዋለሁ። እኛ ጠሪን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን እናስተናግዳለን፤ እሳቸው የሚፈልጉት ሳሎን አስገብተው አረፍ በል ማለት ነው።

ዳንቴሉ ተነሣና ማሽኑ ተከፈተ። ዊንዶውስ 7 ነው። ማይክሮሶፍት ለተራው ተጠቃሚ ዊንዶውስ 7ን መጠገን ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. መሆኑን ለጋሼ ነገርኳቸው። «እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ» አሉ፤ «አልሞትኩም።»

ዴስክቶፑ ላይ ግን የሞቱም ነበሩ። ከላይ በግራ በኩል የያሁ ሜሴንጀር ፈገግታ አለ፤ ባለቤቱ ሐምሌ 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ዘግቶታል። ከሥሩ ሰማያዊው ስካይፕ፤ እሱ ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ተሰናበተ። ጋሼ ቀኑን ሲሰሙ ቀና አሉ። «በአርበኞች ቀን? በክብር ነው የሄደው።» ምልክቶቹን ላጥፋቸው ስል እጄን ያዙኝ። በስካይፑ በኩል የበኩር የልጅ ልጃቸውን በተወለደ በማግስቱ አይተውበታል። እኔም ስልኬ ውስጥ የስንት ሟች ቁጥር እንዳለ አስታውሼ ማውሱን መለስኩ።

የያሁው ምልክትም የራሱ ታሪክ አለው። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ፊደል ይዞ መምጣት የጀመረው ከ7 በፊት በወጣው በቪስታ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ኤክስፒ ላይ ፊደሉ ያልተጫነለት ሰው አማርኛ ሲላክለት የሚያየው የተደረደረ ሳጥን ነበር። ማሽኑ ገና ኤክስፒ ሳለ ወንድ ልጃቸው አንድ ጊዜ ፊደል አስጭኖ፣ ተደስቶ፣ ረጅም ሰላምታ በአማርኛ ጽፎ ይልካል። እዚህ የደረሰው ባዶ ሳጥን በሳጥን ነው። እትዬ አይተው አይተው «ካርቶን ልኮልናል ማለት ነው» ብለው ፈረዱ፤ ማን ይዞት እንደሚመጣ ለማወቅ ከአሜሪካ የገባ ሰው ሁሉ ቤት ተጠየቀ። ልጁ ነገሩን ሲሰማ አፍሮ በእውነት ካርቶን ላከ። በሳጥን ቋንቋ ከተጻፉ ደብዳቤዎች ምላሽ ያገኘው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ቴሌግራምን ላወርድ ብሮውዘሩን ስከፍት ገጹ እምቢ አለ። በምትኩ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል ጽሑፍ ተዘረጋ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። አውልቀው ጠርገው እንደገና አነበቡት። «ማንን ነው?» አሉ።

ምክንያቱ ሲመረመር እንዲህ ሆነ። ኮምፒውተር ጠፍቶ ሳለ ቀን የሚቆጥርለት ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ሳንቲም የምታህል ባትሪ ናት። እሷ ስትደክም ማሽኑ መብራት በሄደ ቁጥር የት ዘመን ላይ እንዳለ ይረሳል። ጋሼ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ቀኑ የተሳሳተ ሰነድ አይወዱም። ስለዚህ በከፈቱት ቁጥር ቀኑን ከግድግዳው ካላንደር፣ ሰዓቱን ከክንዳቸው ላይ እያዩ ይሞሉለታል። ካላንደሩ 2018 ይላል፤ 2018 ይጽፋሉ። ኅዳር ከሆነ 3ኛው ወር ነው፤ 3 ይጽፋሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ 9። በዚህ ሥርዓት ማሽኑ ያለ አንዳች ቅሬታ ኖሯል።

«ጳጉሜን ሲመጣስ?» አልኳቸው።

«ጳጉሜን አልከፍተውም» አሉ።

ችግሩ ድረ ገጾች የሚያሳዩት የምስክር ወረቀት የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው መሆኑ ነው፤ ዕድሜውም ዛሬ ዛሬ ከዓመት ብዙም አይዘልም። በፈረንጅ 2018 ላይ ነኝ ብሎ የሚያምን ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣለት ቀኑን አይቶ ይደነግጣል። «ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ይዞ በርዎን ቢያንኳኳ ያስገቡታል?» ብዬ አስረዳኋቸው። ጋሼ ምሳሌው ገብቷቸዋል፤ ስድቡ ግን አልወጣላቸውም። «ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ምን ማለት ነው? እነሱ ቸኩለው ይሆናል። እዚህ ቤት የቀረ ነገር የለም» አሉ። እትዬ በበኩላቸው «ማሽን ምን ይሉኝታ አለው ብለህ ነው» እያሉ አጽናኗቸው።

በመጨረሻ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሱቅ ልጅ ተልኮ 2032 የምትባለው ባትሪ መጣች፤ ሳጥኑ በካቻቢቴ ተከፍቶ ተቀየረችለት። ማሽኑ በፈረንጁ አቆጣጠር እንዲሄድ ጋሼ ፈቀዱ። በስክሪኑ ጥግ ያለችውን ሰዓት ግን በፕላስተር ሸፈኗት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሳሎኑ ሞልቷል። አንድ ሰው ኮምፒውተር ሲነካካ ጎረቤት ከየት እንደሚሰማ አላውቅም። የጎረቤት ልጅ ገና ከበሩ «ፎርማት ይደረግ» አለ፤ ለእሱ ዝግታም ቫይረስም የተሰበረ ማውስም መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ከዱባይ ለዕረፍት የመጣች ዘመድ ቦቲም የሚባለው የመደወያ ፕሮግራም ካልሆነ አይሆንም ብላ ተሟገተች። ለእሷ እውነት ነው፤ እዚያ በዋትስአፕ መደወል አይቻልም። ሌላው «ኢሞ ይሁን፣ ኢንተርኔት አይበላም» አለ። ልጆቹ በየአገሩ የተበተኑበት ቤት ለያንዳንዱ አገር አንድ ፕሮግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ጉባኤውን የበተነው ማሽኑ ራሱ ነው። የዋትስአፕ የኮምፒውተር ፕሮግራም ዊንዶውስ 7ን ከበር ይመልሳል፤ ቴሌግራም ግን ለሽማግሌው ወንበር አልነፈገም። ተጫነ።

ቀጥሎ ኮድ መጣ። ቴሌግራም ኮምፒውተርን ብቻውን አያምንም፤ ስልክ እንዲመሰክርለት ይፈልጋል። ኮዱ ጋሼ ስልክ ላይ ደረሰ።

«ስንት ነው የሚለው ጋሼ?»

ዝም።

«ጋሼ፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «ለማንም አትስጥ ይላል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መልእክቱ ከቴሌግራም ነኝ የሚል ሰው ቢጠይቅህ እንኳ አትስጥ ይላል። እኔ ዘመድ መሆኔን ብናገር «ዘመድ አይሰርቅም የሚል አልተጻፈም» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ እኛን ሁላችንን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ በአንድ ጣት፣ ኪቦርዱ ላይ እያንዳንዱን ቁጥር እየፈለጉ አስገቡ። ሲጨርሱ ኮዱ ጊዜው አልፎበታል። እንደገና ተላከ፣ እንደገና ወደ ግድግዳው ዞርን። በየቀኑ ስንቱ ሰው በስልክ «ሽልማት ደርሶዎታል» ሲባል ኮዱን እንደሚያስረክብ ሳስብ፣ የግድግዳው ቀለም ብዙም አልሰለቸኝም።

ከዚያ ካሜራው።

ካሜራው የኮምፒውተሩ ዘመን እኩያ ነው፤ በቆንጣጫ ስክሪኑ ጫፍ ላይ የሚያዝ፣ 640 በ480 ነጥብ፣ በድምሩ ሦስት መቶ ሺህ ነጥብ ገደማ። ዋናው ሥነ ሥርዓት ከመጀመሩ በፊት ለሙከራ ብቻዬን ለልጅቷ ደወልኩ። ቨርጂኒያ ገና ማለዳ ነው። ቤዝመንት ክፍሏ ውስጥ ከሌሊት ሥራ እንደገባች፣ የፓርኪንጉን ዩኒፎርም ሳታወልቅ፣ ከኋላዋ ልብስ ተሰጥቶ ታየችኝ። «አንተ ነህ? ቆይ ቆይ!» አለች። ልብሱ ከገመድ ወረደ። ፍራሹ ቆመና በአበባ መጋረጃ ተሸፈነ። አንድ መብራት ከማዶ መጥቶ በስተቀኝ ቆመ። በዩኒፎርሙ ላይ ሹራብ ተደረበ። «አሁንስ? አልጋው ይታያል?» ካሜራዋን ትንሽ ወደ ግራ አስዞርኳት። ጥሩ የሚባል ሳሎን ወጣት።

እዚህም በኩል እየተሠራ ነው። ከኋላ የነበሩት ቢጫ ጀሪካኖች (ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው) ወደ ጓዳ ተጋዙ። ኮርኒሱ ያፈሰሰበት ቦታ እንዳይገባ ስክሪኑ ወደ ታች እንዲያቀረቅር መጽሐፍ ተደረገበት። ቡፌው ላይ የነበረው የጋሼ የደም ግፊት መድኃኒት ተነሥቶ በቦታው የፕላስቲክ አበባ ተተካ። ጋሼ ከወገባቸው በላይ ኮትና ከረባት፣ ከወገባቸው በታች ፒጃማና ነጠላ ጫማ ናቸው። ኮቱ በከሱት ልክ ስለሰፋባቸው እትዬ ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ሰበሰቡት። ካሜራው የሚያየው ቦታ ሁሉ ባለጸጋ ሆነ፤ የማያየው ቦታ ደግሞ ዕቃ መጣያ።

ተደወለ። «ይሰማል?» «ይሰማል።» «ትታዪናለሽ?» «በደንብ። እኔስ?» «ወፍረሻል!» «እናንተም አምሮባችኋል!» ከዚያ ሰላምታ። ሳሎን ውስጥ ያለው ሁሉ ተራ በተራ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠ ደህና መሆኗን ጠየቀ፤ እሷም የእያንዳንዱን ደህንነት ጠየቀች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሲጨርስ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ወሬ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ማንም የጎደለበት አይመስልም። ድምፁ ከስፒከሩ ወጥቶ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ እየገባ እያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሁለት ጊዜ ይሰማ ነበር። እትዬ ማስተጋባቱን እንዳልነካው ከለከሉኝ፤ ምስጋና ሲደጋገም ምን ይጎዳል?

ለዚህ ሁሉ ክብሩ የካሜራው ነው። በሦስት መቶ ሺህ ነጥብ ውስጥ የጋሼ ክሳት አይገባም። የልጅቷም የሌሊት እንቅልፍ እጦት ዓይኗ ሥር መድረሻ አጥቶ ይቀራል። መስመሩ ሲደክም ሁላችንም ወደ ቀለም ነጠብጣብነት እንቀየራለን፤ ነጠብጣብ ደግሞ ዕድሜ የለውም። እዚያ ማሽን ውስጥ ሰዓቱም ኮዱም ፊት ለፊት ተናጋሪ ነው፤ ይሉኝታ ያለው ዕቃ ቢኖር ያ ካሜራ ብቻ ነው።

ይህን ያልተረዳው ወንድ ልጃቸው ነው፤ ያው ካርቶን የላከው። የዚያን ቀን እሱም ደውሎ «ምንድን ነው ይሄ፣ ጭጋግ ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሩት?» አለና በሰው እጅ አዲስ ካሜራ ላከ። ሙሉ ኤችዲ፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ ያለው፣ ጨለማ ውስጥ እንኳ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ። ልገጥመው ተጠርቼ ሄድኩ። ለሙከራ አንድ ጊዜ ሰካሁት፤ እትዬ ስክሪኑ ላይ ራሳቸውን አዩ፣ ከኋላቸው ያለውን ግድግዳ አዩ፣ ጋሼን አዩ።

«ይሄ ለእንግዳ ይሁን» አሉ። ነቅዬ ስሰጣቸው ወደ ካርቶኑ መለሱት፤ ቡፌው ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶባቸው ከማያውቁት የቻይና ስኒዎች አጠገብ አስቀመጡት።

በሚቀጥለው እሑድ ልጅቷ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ወንድሜ የላከው ካሜራ ደረሰ እማዬ?» አለች።

«ደርሷል። ይኸው በእሱ ነው የምናወራው።»

ልጅቷ ወደ ስክሪኗ ጠጋ አለች። «ያስታውቃል» አለች፤ «እንዴት እንደጠራችሁ! ወንድሜን ለእኔ እንዳይልክልኝ ንገሩት፤ የእኔም እንደዚሁ ነው።»