ማስተካከያ፦ ፎርድ ሞዴል ቲ ሁሌም ጥቁር አልነበረም

ቀደም ሲል በወጣው መረጃ «ጥቁር ያልሆነ ፎርድ ሞዴል ቲ ካያችሁ፣ በኋላ የተቀባ ነው» ተብሎ ነበር። ይሄ ልክ አይደለም። መኪናው የተመረተው በፈረንጆች ከ1908 እስከ 1927 ነው። ጥቁር ብቻ የነበረው ግን ከ1914 እስከ 1925 ባሉት ሞዴሎች ነው። ከዚያ በፊት ቀይ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴም ነበሩ። በዚህ ወሬ ተነስቶ የፋብሪካ ቀለሙን ፍቆ ጥቁር መቀባት በጣም ያሳዝናል፤ የተፋቀ አይመለስም።

ይልቅ የስንት ዓመት ሞዴል እንደሆነ ለማወቅ የመኪናውን ፊት እዩት። የራዲያተሩ ክፈፍ የሚያብረቀርቅ ናስ ከሆነ ከ1917 ሞዴል በፊት የነበረ ነው። ራዲያተር ደግሞ ይቀያየራል፣ ስለዚህ የሞተር ቁጥሩንም ከምርት ዓመቱ ጋር አመሳክሩ። በሞተሩ ግራ ጎን፣ ከውሃ መግቢያው በላይ ተመትቶ ታገኙታላችሁ።