ላዛሪዮ ተረሳ

ስለ ስፔን ሥነ ጽሑፍ የቀረበውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ በተለይ ስለ ገጣሚው ሎርካ ያለው ክፍል ግሩም ነው። ግን ከመካከለኛው ዘመን የጀግንነት ግጥም ከ«ኤል ሲድ» ተነስቶ በቀጥታ ወደ ሰርቫንቴስ ልብ ወለድ «ዶን ኪኾቴ» መዝለሉ ቅር አሰኝቶኛል። በመሃል «ላዛሪዮ ዴ ቶርሜስ» የምትባል ትንሽ መጽሐፍ አለች።

የታተመችው እ.ኤ.አ. በ1554 ነው። ማን እንደጻፋት እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አይታወቅም። በዚያ ዘመን ስፔን ውስጥ የሚነበበው ዘንዶ የሚገድል የፈረሰኛ ጀግና ታሪክ ነበር። ላዛሪዮ ግን የሚታገለው ከረሃብ ጋር ነው። የሳላማንካ ድሃ ልጅ ነው። እናቱ ዓይነ ስውር ለማኝ እንዲመራ ትሰጠዋለች። ሁለተኛው ጌታው ቄስ ነው፤ ዳቦውን ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ሦስተኛው ደግሞ ባላባት ነኝ ባይ፤ ልብሱን አሳምሮ ይወጣል፣ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ልጁ ለምኖ ያመጣውን ያበላዋል፤ የሚያበላውም ሳይንቀው ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም አንጀቴን ይበላዋል። ድሃ ልጅ በራሱ አንደበት ሕይወቱን የሚተርክበት ልብ ወለድ መንገዱን ያገኘው ከዚህ ነው።

ኢንኩዊዚሽን የተባለው የቤተ ክርስቲያን ችሎት በ1559 አገዳት። በ1573 ቤተ ክርስቲያንን የሚነካው ተቆርጦ እንደገና ወጣች። ሰርቫንቴስም አልረሳትም። በ1605 በወጣው የ«ዶን ኪኾቴ» የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ አንድ እስረኛ የሕይወት ታሪኬ ላዛሪዮን ያስንቃል ብሎ ይፎክራል።

ጸሐፊው ቀጣይ ክፍል ካሰበ፣ እባክህ ከእሷ ጀምርልን።